ያ አትሮንስ የሰይድ እጅ ነው

ጠዋት ስልክ ተደውሎ "ሰይድ አረፈ" ሲሉኝ "የትኛው ሰይድ?" አልኩ። መካነ ሰላም ላይ ሰይድ ብለህ ብትጣራ ስድስት ሰባት ሰው ይዞርልሃል። ከእነሱ አንዱ እንዲሆን ተመኘሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

"አናጢው" አሉኝ።

ትናንት ከሰዓት ሱቄ በር ላይ ቆሞ አዲስ የሠራሁትን ጠረጴዛ "ይሄ እግሩ የሰከረ ነው" ብሎኝ ነው የሄደው። እንዲህ ሰድቦኝ የሄደ ሰው ያድራል እንጂ ይሞታል ብዬ እንዴት ልመን?

ከዙህር፣ ከቀትር ሶላት በኋላ ቀበርነው። ከለቅሶ ቤት ተመልሼ ነው የምጽፈው።

ለማታውቁት፣ ሰይድ ሃያ ዓመት የሥራ ጎረቤቴ ነበር። ሁለታችንም ያስተማረን የለም። እኔ እንጨት እያበላሸሁ ተማርኩ፤ እሱ እኔ ሳበላሽ እያየ ተማረ። ትልቅ ሥራ አይወድም። የቁርኣን ማስቀመጫ፣ የጌጥ ሳጥን፣ የፎቶ ፍሬም ስጡት።

ሳውዲ ያለችው እህቱ አንድ ጊዜ በልብስ መሃል ጠቅልላ ትንሽ የቀለም መርጫ ላከችለት። እስክሪብቶ ነው የምታክለው። አናቷ ላይ ቫርኒሽ የሚጨመርባት የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ጽዋ አለች፤ ከኋላ በቱቦ አየር ይገባል፤ በጣትህ ጫን ስትላት ቡን ትላለች።

እኔን ታውቁኛላችሁ፣ ዝም አላልኩም። "ሙሽራ ልትሆን ነው? ይሄ የሽቶ ነው" አልኩት።

"ና አንተን ልርጭህ" አለኝ። "ማን ያውቃል፣ ገዢ ትስብ ይሆናል።"

ከተበላሸ ፍሪጅ ሞተር አውጥቶ አየር መንፊያ ሠራላት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የመኪና ጎማ በትከሻው ተሸክሞ መናኸሪያ ይወርዳል፤ የጎሚስታው ሞተር በነዳጅ ነው። ጎማውን አስነፍቶ ይመጣና ቱቦውን ይሰካበታል። ጎማው እስኪላላ አንድ ሳጥን ይወጣዋል። እኔ በብሩሽ ስለቀልቅ ባየኝ ቁጥር "ቫርኒሽ አይጎረስም፣ ይላሳል" ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ።

ብዙዎቻችሁ በደብራችን ያለውን የዋንዛ አትሮንስ፣ መጽሐፍ የሚነበብበትን፣ አይታችኋል። ከአቀስታም ከኩታበርም መጥተው አይተውት "እንዲህ ያለ ሥራልን" ያሉኝ አሉ። እንጨቱን የቆረጥኩትም የገጠምኩትም እኔ ነኝ። መስታወት የመሰለው ቫርኒሽ ግን የእኔ አይደለም።

የፍልሰታ ፍቺ ዋዜማ ነበር። ከሰዓት መምሬ ደምሴ ሊወስዱት ይመጣሉ። እኔ ችኩሉ፣ የነሐሴ ጉም ደጃፉን ሞልቶት እያለ፣ ቫርኒሹን ቀባሁት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወተት የተደፋበት መሰለ። ብወለውለው ባሰበት። መብራትም የለም።

ሰይድ መጣ፣ አየ። ይስቅብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሳቀም። "አብሽር" አለ። "ጉሙን አብረህ ቀብተኸው ነው። ወደ ውስጥ አስገባው፣ ይሙቅ።" ጎማውን ተሸክሞ ጉሙ ውስጥ ገባ።

ሲመለስ ጽዋዋን ቲነር ብቻ ሞላና ከሩቅ፣ እንደ እስትንፋስ፣ አለፍ አለፍ እያደረገ ረጨው። ነጩ ብርጭቆ ላይ እንዳለ ላብ ሲሸሽ አየሁ። ግማሽ ላይ ጎማው ላላ። እንደገና ተሸክሞ ወረደ። ሲጨርስ አዲስ ቫርኒሽ በስሱ አለበሰው።

መምሬ ሲደርሱ ሰይድ ጎማውን እየጎተተ ሊወጣ ነበር። "ሰይድ፣ መኪና ገዛህ እንዴ?" አሉት።

"ኢንሻ አላህ መምሬ፣ በጎማው ጀምሬያለሁ።"

መምሬ አትሮንሱን በመዳፋቸው ዳሰሱና ለረጅም ጊዜ መረቁኝ። አሜን አልኩ። የሰይድ እጅ እንደሆነ አልተናገርኩም።

ማታ ሰይድን "ምነው ዝም አልክ?" ስለው፣ "ያዘዙት አንተን ነው። በዓመት በዓል ዋዜማ ላዋርድህ?" አለኝ። "ራሴ እነግራቸዋለሁ" አልኩ። አምስት ዓመት አለፈ። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ኋላ ደግሞ ሙገሳው ጣመኝ።

ዛሬ ከመቃብሩ ስንመለስ መምሬ ከጎኔ ነበሩ። እዚያው መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ታዲያ ያን ሁሉ ምርቃት ለማን ነው የሰጠሁት?" አሉኝ።



ቀጥለውም "ነገ አብረን ከልጆቹ ዘንድ እንሄዳለን" አሉ። "እኔ እመርቃለሁ። አንተ ግን ቀድመህ ትናገራለህ፣ ለምን እንደምመርቃቸው ይወቁ።"

ሰይድ፣ እንግዲህ ነገ ልጆችህ ፊት ልቆም ነው። ሳላሳጥር፣ ሳላሳምር እናገራለሁ፤ እንባ ቢቀድመኝ ይህን አነብላቸዋለሁ። በሕይወት እያለህ ልልህ የሚገባኝን ሳልልህ ቀረሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንተ እዚሁ አጠገቤ ነበርክ። ደህና ሁን ጎረቤቴ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ከእንግዲህ ያንን አትሮንስ የሚያደንቅ ሰው ከእኔ አፍ መጀመሪያ የሚሰማው ያንተን ስም ነው።