በአባቴ ፈንታ የቀየርኩት ማርሽ

ከደሎ መና ወደ ጎባ ዳገቱን ስወጣ፣ ከፊቴ ካለው የጭነት መኪና የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሸተተኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባዬ የታመመችውን እማዬን በትንሿ መኪናችን በዚሁ ዳገት ወደ ጎባ ሆስፒታል እየወሰዳት ነበር። ቀኝ እጁ የእሷን እጅ ስለያዘ፣ እሱ ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ ማርሹን ከኋላ ሆኜ የምቀይረው እኔ ነበርኩ። «ሁለት!» ይለኛል፤ «ሦስት!» ይለኛል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሳነቴ ሜዳው ላይ ስንደርስ ድምፁ ተለወጠ።

«ፎሌ አድርጊው ልጄ። ከእንግዲህ የሚያስቸኩለን የለም።»

ማርሹን ሳላንገጫግጭ ወደ መሃል መልሼ ፎሌ አደረግኩት። መኪናዋ ቆመች። እሱ የእማዬን እጅ አልለቀቀም። እኔ «ጎበዝ» እስኪለኝ ጠበቅኩ።

የዛሬዋ መኪናዬ ኦቶማቲክ ናት። ሰው ሁሉ «ማርሽ ከመቀየር ተገላገልሽ» ይለኛል። ቀኝ እጄ የሚይዘው አጥቶ ከጎኔ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀምጧል።