ከጅማ አየር የቀዳሁት ነዳጅ

ከጅማ አየር ነዳጅ የሠራሁት እኔ ነኝ። ብዙ አይደለም፤ አንዲት ብልቃጥ እንኳ አልሞላም። ማሽኔ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ለይቶ ይይዝና ከሃይድሮጅን ጋር አዋህዶ የሚነድ ፈሳሽ ጠብ ያደርጋል። በዚያች ጠብታ ሁለተኛ ዲግሪዬን ያዝኩ፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኜ ቀረሁ። ሰኮሩ ከተማ ነዳጅ ለመቅዳት የተሰለፈ ሾፌር ነገሩን ሳስረዳው፣ ታዲያ የመኪናዬን የነዳጅ ጋን ክዳን ከፍቼ ልጠብቅ ወይ ብሎኛል። አለማወቁ አሳዘነኝ።

አምና አንዲት የሊሙ ገነት ልጅ ሥራዬን ለመመረቂያ ጽሑፏ መረጠች። በዚያው ማሽን ሰባት ወር ለፋች፤ የምታገኘው ግን የእኔን ሩብ አይሞላም። ዕቃሽን ደህና አድርገሽ እጠቢ፣ ትዕግሥት ይኑርሽ እያልኩ መከርኳት። በልቤ ግን ነገሩ የተሰጥኦ ጉዳይ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን በተማሪነቴ ያገዙኝ የላቦራቶሪው ቴክኒሻን፣ የየቡ ከተማ ሰው የሆኑ አዛውንት፣ ቢሮዬ መጥተው ተቀመጡ።

«ሜ፣ እስቲ አስታውስ ልጄ። አንተ ስትሠራ መብራት በየቀኑ ይጠፋ ነበር። ጄኔሬተሩ የት ነበር የሚቆመው?»

ከመስኮቱ ሥር። የማሽኑ አየር መሳቢያ ቱቦም የሚወጣው በዚያው መስኮት ነበር። አሁን ጄኔሬተሩ ከሕንፃው ጀርባ የራሱ ቤት ተሠርቶለታል። ለካ ስኮራበት የኖርኩት የጅማ አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላበት የጄኔሬተር ጭስ ኖሯል፤ ቤንዚን በጄሪካን እያነደድኩ ነዳጅ በማንኪያ ስለቅም ከርሜያለሁ። ያኔውኑ ለምን አልነገሩኝም ብዬ ተቆጣሁ።

«ወላሂ፣ ደስ ብሎህ ነበር እኮ» አሉኝ።

በማግስቱ ልጅቷ ርዕሱን ለመተው ማመልከቻ ጽፋ መጣች። አቅሙ እንደሌላት ገብቷታል፤ ጊዜዬን በማባከኗም ይቅርታ ጠየቀችኝ። አፈርኩ። ትክክለኛው ያንቺ ውጤት ነው፣ የእኔው ጭስ ነበር ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንዲያውም ስለ ሐቀኝነቴ ታመሰግነኛለች ብዬ።

አልሳቀችም። ማመልከቻዋን ገልብጣ ባዶውን ጀርባ ወደ እኔ አስጠጋች።

«እንግዲያው ይኼንኑ ለፈታኞቹ ይጻፉልኝ፣ መምህር። ከነፊርማዎ።»

እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሶቼን አንድ በአንድ ዳበስኩ። ጠረጴዛው ላይ፣ ፊት ለፊቴ ነበር። አንስታ ሰጠችኝ።