የጓያ ዘመድ

ዝናብ የነካው አፈር በሸተተኝ ቁጥር፣ እስከ ዛሬ ድረስ ሳላስበው የእግሬን ጣቶች አንቀሳቅሳለሁ።

ጀርመን አገር፣ ፕሮይንገስሃይም በሚባል ሰፈር ስናድግ ከፎቃችን ጀርባ ገና ያልተሠራበት ሜዳ ነበር፤ ትምህርት ሲዘጋ ሮዝ አበባ ያለው ሐረግ ሣሩ ላይ እየተጠመጠመ ይወጣበት ነበር። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት ጀርመናዊት አሮጊት እኔንና ታናሽ ወንድሜን ናቲን ይዘውን እየወረዱ፣ አፈሩን በማንኪያ ጭረው የሐረጉን ሥር ያወጡልን ነበር። ሥሯ አውራ ጣት የምታህል፣ ልጣጯ ጥቁር፣ ውስጧ ነጭ ናት። «በጦርነቱ ጊዜ እኛን ልጆቹን ያተረፈችን ይቺ ናት» ይሉን ነበር። ጥሬዋን ስንበላት እንደ እሸት አተር ትጣፍጠን ነበር።

አንድ ቀን ከነቅጠሏ ቤት ይዘናት ገባን። እናቴ ከደረጃ ጽዳት ሥራዋ ተመልሳ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ቅጠሉን አየችና ፊቷ ዐመድ መሰለ። አባቷን በክፉ ቀን የበሉት ጓያ እግራቸውን ሰብሯቸው፣ በሁለት ምርኩዝ ኖረው ነው የሞቱት። በአገሯ ጓያ መብላት ቀርቶ ማሳውን ማቋረጥ፣ የድስቱ እንፋሎት እንኳ ያስፈራ ነበር።

«አበባው ቢቀላም ቅጠሉ ያው ነው። ስንት በላችሁ?»

«ድራይ» አለ ናቲ፣ ሦስት ጣቱን ዘርግቶ። ዋሸ፤ በጋውን ሙሉ በልተናል። እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። የተረፉትን ሥሮች በጨርቅ ጠቅልላ ወሰደችብን፤ የጣለቻቸው መስሎኝ ነበር።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ቴርሚን የሚሉትን ቀጠሮ ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደችን፤ ሐኪሙም «ይህ እኮ ምግብ ነው» ብሎ ሳቀ። ስንወጣ «እሱ ጓያን የት ያውቃታል!» አለች። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው በባዶ እግራችን ኮሪደሩ ላይ ታስኬደን ነበር። ጓያ የጀመረው ሰው ተረከዙ መሬት አይነካም፣ በጣቱ ነው የሚሄደው እያለች ጫፉ ላይ ቆማ ተረከዛችንን ታያለች፣ እኔ ደግሞ ፊቷን አያለሁ። በአልጋዬ ውስጥ እግሬን እየቆነጠጥኩ፣ መጀመሪያ የሚሰበረው የማንኛችን ይሆን እያልኩ እፈራ ነበር።

በረዶው በወረደበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ናቲ ኮሪደሩ መሃል ወደቀ። እናቴ አልጮኸችም። አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና «አይዞህ፣ ያኔ የወሰድኩባችሁን ሥር እኔ በልቼዋለሁ። ከመጣም ለሁላችንም ነው» አለችው። ለካስ እግሩ ደንዝዞት ኖሯል፤ ወዲያው ተነሣ። እኔ ግን እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

በጸደይ ሜዳው ለግንባታ ታጠረ፣ ሥሩም ከነአፈሩ በጭነት መኪና ተጭኖ ሄደ።

ዛሬ ናቲ ኦስትሃፈን በሚሉት የወንዝ ወደብ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሣ ይውላል፤ እግሩ እንደ ብረት ጠንካራ ነው። መሄድ የከበዳት እናቴ ናት። ሐኪሞቹ ጉልበቷን የጨረሰው የስንት ዓመት ደረጃ ጽዳት ነው ይላሉ፤ እሷ ግን «የለም፣ ያቺ ሥር ናት። እናንተን ትታ እኔን ያዘች፣ ተመስገን» ትላለች። በጋውን ሙሉ መብላታችንን እስካሁን አልነገርኳትም፤ እንዴት ብዬ ልንገራት? ያኔ እሷ ቆማ ታስኬደን ነበር። አሁን በዚያው ኮሪደር ጫፍ የምቆመው እኔ ነኝ፤ እሷ ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች ትመጣለች፣ እኔም ተረከዟን አያለሁ።