እሳት ያላየው ክር

«ንፋሱ ወዳጄ፣ ቀስ ብለህ ንፈስ…» ብላ ጀመረችና ሁለተኛው ስንኝ እንደ ወትሮው ከምላሷ ላይ ጠፋ። አባቷ ጀልባቸውን ቀለም ሲቀባ የሚያንጎራጉራት ዜማ ነበረች። ሲሞት ባለ ሸራዋን ጀልባም ዜማዋንም ወረሰች፤ ዜማዋን ግን ግማሿን ብቻ። የጎደለውን «እምም፣ እምም» እያለች ሞላችውና መጋረጃውን ወደ መርፌው ገፋችው።

ሥራዋ መጋረጃ መስፋት ነው። እሑድ ሥራ እንደማትገባ በየሳምንቱ ትምላለች፤ በየሳምንቱም መሐላዋ ይፈርሳል። ዛሬ ያስገባት ሰኞ ጠዋት ሆቴል መድረስ ያለበት አሥራ ስምንት መጋረጃ ነው።

ጠዋት ባሏ የተጠቀለለውን የጀልባዋን ሸራ በትከሻው ተሸክሞ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ስምንት ሰዓት ወደቡ ላይ እደርስባችኋለሁ» አለችው።

«ባለፈውም ስምንት ሰዓት ብለሽ ነበር። የየትኛው ቀን እንደሆነ ነው ያልነገርሽን።»

የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው፣ አንድ ቦታ አልረጋ ስላለች «ፌንጣ» የሚሏት፣ የምሳውን ዕቃ አቅፋ ከኋላው ብቅ አለች። «እማዬ፣ ድርሻሽን እናስቀምጥልሽ ወይስ ለዓሣዎቹ እንስጠው?»

ሳቀች።

አሁን ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በአንድ እጇ ዳቦ፣ በሌላው መቀስ ይዛ ቆማ ታኝካለች። ጨርቅ ቆራጩ ሽማግሌ፣ ሜትሩን እንደ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ከመነጽሩ በላይ አያት።

«አንቺ ልጅ፣ ቆመው የበሉት እኮ እግር ውስጥ ነው የሚገባው።»

«ስጨርስ እቀመጣለሁ፣ ጋሼ።»

«አንቺና መጨረስ ደግሞ የት ትተዋወቃላችሁ?»

ክሩ አለቀባት። መሳቢያዋ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነጭ ክር አለ። አንደኛው ጥጥ ነው፣ ለመጋረጃ። ሌላው ውሃም ንፋስም የማይበጥሰው የሸራ ክር ነው። ለዓይን መንታ ናቸው፤ የሚለያቸው እሳት ነው። ጥጡ ነዶ አመድ ይሆናል፣ የሸራው ክር ቀልጦ ይቋጠራል። ስለዚህ አዲስ ጥቅል ስታነሳ ጫፉን በክብሪት ሳትለኩስ አትሰፋም። ከአባቷ የተማረችው ነው።

ጥጥ ነው ብላ ያነሳችውን ጥቅል ለኮሰችው። ክሩ ተኮማተረና ጫፉ ላይ ጥቁር ዶቃ መሰለ።

እጇ ቀጥ አለ። ዓርብ ዕለት የጀልባዋን ሸራ መሃል ለመሃል የሚያያይዘውን ረጅም ስፌት የሰፋችው በሁለት ደንበኞች መካከል ነበር፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ አጣብቃ። ክብሪት አልጫረችም። «ለዛሬ ዓይኔ ይበቃኛል» ብላ ነበር። የሸራው ክር በጥጡ ቦታ ካለ፣ ሸራው ላይ ያለው ጥጡ ነው።

ባሏ ጋ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ስልኩ የት እንዳለ ታውቃለች፦ ወደቡ ላይ፣ የጀልባ ጠባቂው ክፍል፣ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ። ውሃ ላይ ስልክ የለም። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት፤ አምና መሪውን ይዛ ስለ መጋረጃ ቁመት ስትከራከር ጀልባዋን ቄጠማ ውስጥ ከሰነቀረች ወዲህ።

ውጭ፣ የሱቁ በር ላይ የተወጠረው ላስቲክ ይንደፋደፍ ጀመር። ንፋሱ ተነስቷል።

«ጋሼ፣ ሸራውን በጥጥ ነው የሰፋሁት።»

ሽማግሌው መቀሱን አስቀመጠ። «ታዲያ ምን ያስቆምሻል?»

«መጋረጃው…»

«መጋረጃ ለመስኮት ነው። መስኮት ደግሞ የትም አይሄድም። ሂጂ።»

ታክሲ ተሳፈረች። በመንገዱ ዳር ዛፎቹ ሁሉ ወደ ሐይቁ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር የሚያዩ ይመስሉ ነበር።

ወደቡ ላይ ስትደርስ ጠባቂው ገመድ ይጠቀልላል። አገጩን ወደ ማዶ ቀሰረ። «ያውልሽ፣ እየተመለሱ ነው።»

ሸራው እንደ ጥፍር ነጭ፣ እንደ ጥፍር ትንሽ ሆኖ ታየ። ደረቷን ተጭና ቆመች። ንፋሱ ገፋ፤ ሸራው ሞላ፤ ከዚያ መሃሉ ላይ ጥቁር መስመር ተሰመረና ሰፋ። ሸራው ለሁለት ተተረተረ። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጥታ ዞረች።

«የሞተር ጀልባህን አስነሳልኝ፣ ወንድሜ» አለች። ድምጿ ቀጭን ነበር።

ሞተሩ በሦስተኛው ጉተታ ተነሳ። ውሃው ፊቷን እየገረፋት ፊት ለፊት ብቻ አየች። ሲቀርቡ ባሏ ሸራውን አውርዶ፣ ጥርሱን ነክሶ ይቀዝፋል። ፌንጣ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ በምሳው ዕቃ ውሃ እየጨለፈች ወደ ውጭ ትደፋለች። እየዘፈነችም ነበር፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፦

«ንፋሱ ወዳጄ፣ ቀስ ብለህ ንፈስ፣
የወሰድከውን ሁሉ በሰላም መልስ።»

እናት ገመዱን ወረወረች። ባሏ ቀለበው።

ወደቡ ላይ ልጅቷን በራሷ ሹራብ ጠቀለለቻት። «ማን አስተማረሽ?»

«አያቴ ነዋ። ስፈራ እንድለው።»

ባሏ የተቀደደውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ።

«ጥጥ ነው» አለችው። «እሳት አላሳየሁትም።»

«ስልክ ላይ ነበርሽ» አለ።

«አዎ።»

ማስተባበያ አልፈለገችም። ያኔ ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ባሏ ቀና ብሎ አያት። ፌንጣም አየቻት። አነሳችው፤ ሽማግሌው ነበር።

«አሉ?»

«አሉ፣ ጋሼ።»

ረጅም ትንፋሽ ተሰማት። «ለሆቴሉ ማክሰኞ ብያቸዋለሁ። ይልቅ እህል ቅመሺ። ተቀምጠሽ።»

ወደ ጠባቂው ክፍል ሄደችና ስልኩን ቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጣ ክዳኑን ገጠመች። ስትመለስ ፌንጣ ከጃኬቷ ሥር የተቋጠረ ፌስታል አወጣች፦ የተጨፈለቀ ዳቦና አንድ የተቀቀለ እንቁላል።

«ዕቃውን ለውሃው አስፈለገኝ» አለች። «ያንቺን ግን ለዓሣዎቹ አልሰጠኋቸውም።»

ባሏ በእርጥቡ ጣውላ ላይ ሸራውን አጥፎ አነጠፈላት። በሁለቱ መካከል ተቀመጠችና ዳቦውን ቆረሰች።