የይጣራ ማጣሪያ

የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች የሚጠብቀውን ሰው ባልደረቦቹ «ይጣራ» ይሉታል። እንኳን ተወለድክ ቢሉት፣ ምን ፈልገው ነው እያለ ያድራል። እናቱ አርፈው የቤታቸው ሰነድ ሲጠፋም ያለ ማስረጃ ታናሽ እህቱን ጠረጠረ። እነሆ ሦስት ዓመት ተኮራርፈዋል።

በዚያ ወር ሐኪሞቹ ግራ ገባቸው። የላቦራቶሪ ውጤት ሊያዩ ኢሜይል ሲከፍቱ የሎተሪ ዕጣና የፀጉር ማብቀያ ይቀድማቸዋል። ሥራ አስኪያጇ ለሰርቨሩ ሁለት የኢሜይል ማጣሪያዎች አቀረበችለትና እስከ ዓርብ አንዱን ምረጥ አለችው። አንደኛው የተጻፈለትን ደንብ ብቻ ይከተላል። ሁለተኛው፣ አንድ ሻጭ ራሱ ይዞት የመጣው፣ የኢሜይሉ ባለቤት የሚጥለውን እያየ ይማራል። ይጣራ እንደ ልማዱ መጀመሪያ በራሱ ኢሜይል ላይ ሞከራቸው። ለሁለተኛው ማስተማሪያ እንዲሆን ባለፉት ዓመታት የጣላቸውን መልእክቶች ሁሉ እንዳሉ ሰጠው።

ሳምንት ሙሉ በሁለተኛው አንድም አይፈለጌ መልእክት አላለፈም። ሌላ ሰው ቢሆን እሰየው ይል ነበር፤ እሱ ግን ጭራሽ ባሰበት። የሻጩ ሳቅ መብዛቱም አላማረውም። ይሄ ዕቃ አንድ የሚደብቀው ነገር አለ ብሎ ሐሙስ ጠዋት በሩን ዘጋና የተጣሉትን አንድ በአንድ ያገላብጥ ጀመር። ሎተሪ፣ መድኃኒት፣ ደግሞ ሎተሪ። ከዚያ የእህቱ ስም። የተላከው ሰኞ ነው።

ሻጩን አስጠራው። ሌባ እጅ ከፍንጅ የያዘ ያህል ልቡ ሞልቶ ነበር።

«ዕቃህ የሰው ደብዳቤ ይበላል። ይቺ እህቴ ናት።»

ሻጩ ጎንበስ ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጌታዬ፣ እሱ በራሱ ምንም አያውቅም። ድሮም የእሷን ደብዳቤ የሚጥል ሰው ነበረ። ከዚያ ነው የተማረው።»

ይጣራን ትዝ አለው። በኩርፊያው ሰሞን እህቱ አልወሰድኩም እያለች የጻፈችለትን ሁሉ ሳይከፍት የጣለው በገዛ እጁ ነው። ሻጩ ሲወጣ የሰኞውን ከፈተ።

«ወንድምዬ፣ ሰነዱ ተገኘ። ከእማዬ ቁም ሣጥን ኋላ ወድቆ ነው። ቤቱን ከፈለግህ ውሰደው፤ አንተ ብቻ ና።»

እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ለሥራ አስኪያጇ ደንብ ተከታዩን መርጫለሁ፣ ያኛው ከእኔ ባይማር ይሻላል ብሎ ጻፈ። ለእህቱም መልስ ጀመረና መሃል ላይ ተወው። እሷስ በተራዋ የእሱን ደብዳቤ መጣል ጀምራ ቢሆን በምን ያውቃል? ኮቱን አነሣና ኮምፒውተሩን መቆለፉን እንኳ ሳያጣራ ወጣ።