የማን እጅ ነው?

የደህንነት ሰዎች የያዙኝ ከክፍል ስወጣ ነው። ጠመኔው ገና ከጣቴ አልለቀቀም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የዘመናችንን ሥነ ጥበብ ታሪክ በትርፍ ሰዓት አስተምር ነበር፤ ቢሮ የለኝ፣ በር ላይ የተለጠፈ ስም የለኝ። እነሱ ግን አላጡኝም። «ኡስታዛ፣ ለአምስት ደቂቃ ነው» አሉኝ። አይ አምስት ደቂቃ!

የታሰርኩበት ክፍል በረኪናና ላብ ይሸታል። አንዲት የወሎ ልጅ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ዐማራት የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ ፖሊስ ለከሻ፣ ለአፈሳ ወጥቶ ሰው ከመንገድ ላይ ሲሰበስብ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ጊዜው አልፎ ተገኘ።

«አንቺስ እህቴ፣ ምን አድርገሽ ነው?»

«ስለ ሥዕል አስተምሬ።»

«ወላሂ? እኔ ደግሞ ሰው የገደልሽ መስሎኝ ስፈራሽ!»

ሳቅን። እዚያ ቤት መሳቅ የሚቻል አይመስለኝም ነበር።

ከአሱር ሰላት በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ከላይ ካለችው ቀዳዳ አራት ማዕዘን ብርሃን ይወርድና ልስኑ በተፈረፈረው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ሁለታችንም እሱን እየጠበቅን እንውላለን። ሳስተምር አንድ ደንብ ነበረኝ፤ ማን እንደሠራው ከመጠየቃችሁ በፊት ያያችሁትን ተናገሩ። እሷንም «ምን ይታይሻል?» አልኳት።

«ውሃ» አለች ቀስ ብላ። «ዳር ላይ አንዲት ሴትዮ እግሯን ነክራ ተቀምጣለች። ነይ ብሎ የሚጠራት የለም።»

እኔም አየኋት። ሙቀቱ ዓይኔን እየከደነው ብርሃኑ ሲንቀሳቀስ ውሃውም ተንቀሳቀሰ፤ ውስጥ እግሬ የቀዘቀዘ መሰለኝ። ተኝተን ይሁን ሳንተኛ እንጃ፣ በሩ ተከፈተና ስሜ ተጠራ።

የሚመረምረኝ መኮንን ጠረጴዛው ላይ አንድ ፎቶ አስቀመጠ። ለተቃውሞ ግድግዳ ላይ የተሳለች እናት ናት፤ ዓይን የላትም፣ መዳፏን ዘርግታለች። ጣቶቿ ከልክ በላይ ረዝመዋል። ወዲያው አወቅኋቸው። በየፈተና ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ተስለው ይመጡልኝ የነበሩት እነዚያው ጣቶች ናቸው። ተማሪዬ ወንድ ይሁን ሴት ዛሬም አልናገርም።

«የማን እጅ ነው? ስም ስጪኝና ዛሬ ቤትሽ እደሪ።»

ቤቴን እንዴት ፈለግሁት! አልጋዬን፣ የራሴን በር ከውስጥ መዝጋት። ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«መጀመሪያ ምን እንደሚያዩ ይንገሩኝ» አልኩት።

«የምጠይቀው እኔ ነኝ!»

«ልክ ነው። እኛ ክፍል ግን ስም መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።»

ጤነኛ አልመሰልኩት ይሆናል። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ጀመርኩ። ሰማያዊው ቀለም የሱቅ በር ተቀብቶ የተረፈ መሆኑን፣ ዓይን ያልተሳለላትም መንገደኛው ሁሉ የራሱን እናት እንዲያስብ ሊሆን እንደሚችል ነገርኩት። ስናገር ድምፄ ተመለሰ። እሱም ሳያስበው ወደ ፎቶው ጎንበስ አለ።

«ጣቶቿ ለምን ረዘሙ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ልጇ ርቆባት ይሆናላ።»

ፎቶውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ከዚያ ድንገት የት እንዳለ ትዝ እንዳለው ሁሉ ቀና ብሎ «ስሙስ?» አለ።

«ጊዜያችን አልቋል» አልኩት፤ ለተማሪዎቼ እንደምለው። ተነሥቼ ወንበሩን ወደ ቦታው መለስኩ።

ወደ ክፍሉ መለሱኝ፤ ሳልፈታም ብዙ ቆየሁ። የወሎዋ ልጅ ስታየኝ ብድግ አለች።

«ተናገርሽ?»

«አልተናገርኩም።»

እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ብርሃኑ ከግድግዳው ወርዷል። «ሴትዮዋ ሄደች» አለችኝ፤ «ነገ ትመጣለች፣ ኢንሻላህ።»

አስተምርበት የነበረው ክፍል ዛሬ ጣሪያ የለውም፤ ጦርነቱ ወስዶታል። ተማሪዎቼም እንደ ጉም በነዋል። ማን እንዳለ፣ ማን እንደሞተ የሚነግረኝ አጥቼ ከረምኩ። ባለፈው ሰሞን ግን ድልድዩን ተሻግሬ ኦምዱርማን ስገባ፣ ጥይት በበሳሳው ግድግዳ ላይ ቀለሙ ያልደረቀ ሥዕል አየሁ። ወፍ የሚለቅ እጅ ነው፤ ጣቶቹ ከልክ በላይ ረዝመዋል። መንገድ መሃል ቆሜ አለቀስኩ።

አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቆሙ። «ልጄ፣ ማን ነው የሳለው?» አሉኝ።

«እንጃ፣ ሐጂ» አልኳቸው እንባዬን እየጠረግሁ። «ለእርስዎ ምን ይታይዎታል?»