አኑሱያ ባሕር ልታይ የሄደች ዕለት

በእኛ አገር በሕንድ፣ በላቱር ዙሪያ ባሉት የጥቁር አፈር መንደሮች፣ ድርቁ የጠና ዓመት ውሃ በባቡር ተጭኖ መጣልን። ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ያንን ረጅም ባቡር እንደ ሙሽራ ተቀበለው። የትምህርት ቤታችን ወጥ ሠሪ አኑሱያም እዚያ ነበረች። መዳፏን በፉርጎው ብረት ላይ አሳረፈች፤ ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። በዚያ ሐሩር የቀዘቀዘ ነገር ነክቶ የማያውቅ እጅ!

"ይሄ ሁሉ ከየት ተቀዳ?" አለች።

"ከወንዝ ነዋ።"

"ወንዙስ የት ይሄዳል?"

"ባሕር ይገባል፣ ሌላ የት ይሄዳል?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሕር የሚባለው ነገር ልቧ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ የላትም። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ልጆች ምስርና ሩዝ ስትቀቅል፣ ጉድጓድ ለጉድጓድ ስትንከራተት ኖራለች። መጨረሻው የማይታይ ውሃ አንድ ጊዜ ልይ ብላ ብትነሳ ሴቶቹ ሳቁባት።

"ምን ያደርግልሻል? ጨው ነው አሉ። አይጠጣ፣ አያጠጣ።"

"እሱ በባቡር መጥቶልኛል፤ እኔስ በባቡር ብሄድለት ነውር ነው?"

ርዕሰ መምህሩ የአንድ ቀን ፈቃድ ሰጣት። "በማግሥቱ ምድጃው ዘንድ ካላገኘሁሽ ሌላ ወጥ ሠሪ እቀጥራለሁ" አላት፤ ቀልዱን አልነበረም። መንገዱን የነገራት ሙምባይ ዘበኛ ሆኖ የኖረ አንድ ጎረቤታችን ነው። "ዳዳር ጣቢያ ትወርጃለሽ። ከዚያ በከተማው ባቡር ቦሪቭሊ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ስትሄጂ ወደ ማታ ይሁን፤ ፀሐይዋ ዓይንሽ እያየ ውሃው ውስጥ ትገባለች።" ሌላ የባሕር ዳርቻ አያውቅም ነበር። ዘበኛ የሚያውቀው የሚጠብቀውን በር ነው።

ሌሊቱን በርካሹ ፉርጎ፣ ሽንት ቤቱ በር ሥር ኩርምት ብላ ተጓዘች። ዳዳር ስትደርስ በጣቢያው ቧንቧ ፊቷን ታጠበች፣ የማሽላ ቂጣዋን ለውዝና በርበሬ ከተደቆሰበት ማባያ ጋር በላች። ከዚያ ጥቅሏን አቅፋ ዞረች። አበባ ተራው ውስጥ ቢጫ አበባ እንደ እህል ተቆልሎ ሲሸጥ አይታ ቆማ ቀረች። እኛ ዘንድ ዝናብ የሚናፍቀው ምድር እዚህ አበባ በጆንያ ያወጣል! አንድ ደረጃ ላይ አረፍ ብትል ዘበኛ መጣ።

"ተነሺ! የአባትሽ ደጅ መሰለሽ?"

ተነሣች። ሌላ ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያም ተነሣች። ቀኑ እንዲህ አለፈ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ባቡር መጣ። "ቦሪቭሊ ይቆማል?" ብትል "ይቆማል" አሏት። እውነት ነው፣ ይቆማል። ነገር ግን ባቡሩ የቪራር ነበር። የሴቶቹ ፉርጎ ውስጥ የገባችው በራሷ እግር አይደለም፤ ከኋላዋ የመጣው ሕዝብ ተሸክሟት ገባ።

እኛ ዘንድ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው መውረጃውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ሲደርስ ሁሉም "አውርዱት!" ይላል፤ ጥቅሉ በሰው ራስ ላይ እየተቀባበለ ቀድሞት ይወርዳል። አኑሱያ ይህን ይዛ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"እናቶቼ፣ እኔ ቦሪቭሊ ነኝ! ስንደርስ አውርዱኝ!"

ራስ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

ቪራር የመስመሩ ጫፍ ነው። እዚያ የሚኖሩት ሴቶች ጠዋትና ማታ በአንድ እግራቸው ቆመው የሚመላለሱበት ባቡር ይህ ብቻ ነው፤ ቦሪቭሊ ግን የራሱ ባቡር አለው። በቪራር ባቡር ለቦሪቭሊ የተሳፈረ ሰው በእነሱ ዘንድ የመቆሚያ ሌባ ነው። ቅጣቱም የታወቀ ነው፤ አይወርድም።

"ምን አለች?" አለች ሄማንጊ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ለራት አተር የምትፈለፍለው ሴት። በዚያ ፉርጎ ቃሏ ይሰማል።

"ቦሪቭሊ አለች።"

"የቦሪቭሊ ባቡር ተቃጠለ እንዴ? አይዞሽ አክስቴ፣ ቪራርን ጎብኝተሽ ትመለሻለሽ። አየሩ ተስማሚ ነው!"

ሳቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። አኑሱያም አብራ ሳቀች፤ ጨዋታ መስሏት ነበር።

ቦሪቭሊ ባቡሩ ቆመ። ማንም አልመታትም፣ ማንም አልገፋትም። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ይኸው ነው። በሩ ላይ የጀርባ ግንብ ቆሞ ነበር። "ልለፍ... እባካችሁ... እናቶቼ..." ፕራቲክሻ የምትባል አንዲት ወጣት ብቻ በሩ ዘንድ ሆና "ኧረ እናታችንን የምታክል ሴት ናት፣ አሳልፏት" አለች።

ሄማንጊ ቀና አላለችም። "አሳልፊያት፤ ነገ ግን ቦታ የሚይዝልሽ እንዳትፈልጊ።"

ፕራቲክሻ ስልኳን ማየት ጀመረች። ባቡሩ ሄደ።

"ለመሆኑ ቦሪቭሊ ማን አለሽ?" አለች ሄማንጊ፣ አሁን ለስለስ ብላ።

"ማንም የለኝም። ባሕር ለማየት ብዬ ነው።"

"ከየት ተሳፈርሽ?"

"ከዳዳር።"

ሄማንጊ አተሩን ለቀቀችው። "ከዳዳር! ሰማችሁ? ኧረ አንቺ ሴት፣ ዳዳር እኮ ባሕሩ ከጣቢያው ጀርባ ነው! በእግር! ሩዝ ተጥዶ እስኪበስል ደርሰሽ ትመለሻለሽ!"

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቀኑን ሙሉ ከደረጃ ወደ ደረጃ የተባረረችበት ሰፈር! አንዷ እንኳ ከልቧ አዝና፣ እያዘነችም ትስቅ ነበር። ሄማንጊ እፍኝ አተር ዘረጋችላት፤ "እንኪ፣ ቅመሺ።" አኑሱያ እጇን ማንቀሳቀሻ ስላልነበራት አተሩን አፏ ውስጥ ጨመሩላት።

ከዚያ የባቡሩ ድምፅ ተለወጠ። ከሥር ባዶ የሆነ ነገር ላይ የሚሄድ ይመስል አስተጋባ። ከቤታቸው መሠዊያ የተነሣ የጠወለገ አበባ የያዘ ከረጢት ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ በራሷ ላይ ወደ መስኮቱ አለፈ።

"ምንድነው?"

"ድልድይ ነው። ባሕሩ ወደ ምድር የገባበት፤ አበባውን እዚህ ነው የምንጥለው።"

"አዙሩኝ!" አለች አኑሱያ። "ፊቴን ብቻ አዙሩልኝ!"

ግንባሯ አንድ ሰማያዊ ቀሚስ በለበሰ ጀርባ ላይ ተጣብቆ ነበር። አንገቷን ብታጥፍ የሌላዋ ክርን አገኛት። ጀርባው በላብ ርሷል፤ ከዓለም ውሃ ሁሉ ለዓይኗ የተፈቀደላት እሱ ነበር።

"እናቴ፣ ፀሐይዋ እየገባች ነው!" ብላ ጮኸች ፕራቲክሻ ከበሩ፣ ደግ የሠራች መስሏት። "ቀይ ናት! ግማሿ ገባች!... ገባች!"

የባቡሩ ድምፅ ተመልሶ የምድር ድምፅ ሆነ።

ከቪራር ዳዳር ስትመለስ ጨልሟል። የላቱር ባቡር ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት፣ በርካሹ ፉርጎ መቆሚያ ሰልፉ ተጀምሯል። አንዲት ጠራጊን ጠየቀች፤ ባሕሩ በዚያ በኩል ነው፣ ቅርብ ነው አለቻት። አኑሱያ ወደዚያ አንድ ሁለቴ ተራመደችና ሰልፉን ዞራ አየችው፤ ምድጃውን አሰበች መሰለኝ። ተመልሳ ተሰለፈች።

ከምዕራብ በኩል፣ ጠራጊዋ ካሳየቻት አቅጣጫ፣ ነፋስ መጣ፤ እርጥብ፣ ጨው ጨው የሚል። እንዲህ ያለ ሽታ አሽትታ አታውቅም። ዓሣ ሻጮች በአጠገቧ ያለፉ መሰላትና በሳሪዋ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፈነች።